ባለ ሦስት ደርቡ ቤት የሦስት ቤተሰብ እንደሆነ ይቆይልን

ይድረስ ለሶመርቪል ከተማ ምክር ቤት አባላት
ሶመርቪል፣ ማሳቹሴትስ

ጉዳዩ፦ ወደ ኮንዶሚኒየም ስለሚለወጡ ባለ ሦስት ደርብ ቤቶች

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ላስቸግራችሁ ብዬ አይደለም። እንግሊዝኛዬ ለታክሲ ሥራ ይበቃል። ለክርክር ሲሆን ግን ይከዳኛል፤ ከተናደድኩ ደግሞ ጭራሽ ጥሎኝ ይጠፋል። ስለዚህ ያለኝን በቋንቋዬ እጽፋለሁ፣ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ትልክላችኋለች። አማርኛው እዚህ ለወገን ይቀመጣል። ቦስተን አካባቢ ያለው የእኛ ሰው ነገ እኔን ከቤት የሚያስወጣኝ ዓይነት ወረቀት በሩ ላይ ሊለጠፍበት ይችላልና። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሶመርቪልን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል፤ እናንተ ታገሡኝ። ከቦስተን በስተሰሜን ምዕራብ ተለጥፋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስፋቷ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ 527 ነው፤ ስለዚህ አንዲት ክፍለ ከተማ ብታህል ነው። በ2020 ቆጠራ እዚህች ውስጥ 81 ሺህ ሰው ተገኝቷል። በ1930 እንዲያውም 103,908 ነበር። በዚያው መሬት ላይ! ፎቁም ቢሆን ሰማይ ጠቀስ አይደለም፣ ከሦስት ደርብ የማያልፍ የእንጨት ቤት ነው። ቤትና ቤት ተጠጋግቶ ቆሟል። የጎረቤትህ ቴሌቪዥን ምን እንደሚል ከመኝታህ ሆነህ ትሰማለህ። ላይ ያለው ሲያስነጥስ ታች ያለው ይማርህ ይላል።

ሰፈሩ ሁሉ ስኩዌር ነው። ዴቪስ ስኩዌር፣ ዩኒየን ስኩዌር፣ ቦል ስኩዌር፣ ማጉን ስኩዌር። አራት ማዕዘን የሆነ ግን አንድም የለም። አምስትና ስድስት መንገድ እንደ ሸረሪት እግር ተሰባስቦ የሚጋጠምበት ቦታ ነው ስኩዌር የሚሉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድቼባቸዋለሁ፤ ዛሬም ዩኒየን ስኩዌር ስገባ በየትኛው መስመር እንደምወጣ ቆም ብዬ አስባለሁ።

የከተማዋ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሳው ፕሮስፔክት ሂል ነው። በጥር 1 ቀን 1776 የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር የመጀመሪያውን ሰንደቅ እዚያ ሰቀለ ይባላል። በ1903 የተሠራው የድንጋይ ግንብ ለዚሁ መታሰቢያ ነው። ሌላው የባሩድ ቤቱ ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ እንደ ነፋስ ወፍጮ የተሠራ ክብ የድንጋይ ቤት ሲሆን በኋላ የባሩድ መጋዘን ሆነ። መስከረም 1 ቀን 1774 ወደ 260 የሚሆኑ የእንግሊዝ ወታደሮች ማለዳ መጥተው ባሩዱን ጭነው ሄዱ። ጦርነት ተጀመረ የሚል ወሬ ነፋ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ መሣሪያውን አንስቶ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ኬምብሪጅ ጎረፈ። ጦርነቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው የጀመረው። መስከረም 1ን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እነዚህን አልንቅም። ልጄን በየዓመቱ ሰንደቁ ሲሰቀል ወስጄ አሳይቻታለሁ። ግን ከተማዋን የሠሯት ግንቡና ባሩዱ አይደሉም።

ሶመርቪል መጀመሪያ የጎረቤቷ የቻርልስታውን ከተማ የግጦሽ መሬት ነበረች። የዛሬው ሶመርቪል አቬኑ ሚልክ ሮው ይባል ነበር፤ ገበሬው ወተቱን ይዞ ወደ ቦስተን የሚወርድበት መንገድ ስለነበር። ለቻርልስታውን ግብር እንከፍላለን፣ መንገዱና አገልግሎቱ ግን ለመሃል ከተማው ነው ብለው በ1842 ተገነጠሉ። ያኔ ሺህ ሰው ቢሆኑ ነው። የሚያሳስባቸው ግብር ነበር፤ ዛሬም ስብሰባችሁ ላይ ከሚነሳው ግማሹ ያው ነው።

ከመገንጠሉ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር አለ። ብሮድዌይ ላይ፣ ከተማዋ በምሥራቅ በኩል በምታልቅበት አካባቢ፣ ማውንት ቤኔዲክት የሚባል ኮረብታ ነበር። የኡርሱሊን መነኮሳት ገዳምና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበረበት። ነሐሴ 11 ቀን 1834 ሌሊት ካቶሊክና መጤ ያልወደደ መንጋ መጥቶ አቃጠለው። መነኮሳቱና ልጆቹ በጓሮ አመለጡ። በኋላ ኮረብታው ራሱ ተቆርሶ አፈሩ ለረግረግ መሙያ ሆነ። ዛሬ ብትፈልጉት ሜዳ ነው። እዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ነው። አይሪሹ መጣ፣ ጣሊያኑ መጣ፣ ፖርቹጋሉ መጣ፤ ካቶሊኩ ከተማዋን ሞላት። በ1987 ደግሞ ከመካከለኛው አሜሪካ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ከተማዋ በይፋ መጠጊያ ነኝ አለች። ያን ውሳኔ የወሰነው የእናንተ ምክር ቤት ነው። ያንን ወንበር ነው የያዛችሁት።

ሰዉ የመጣው ለሥራ ነበር። የሶመርቪል አፈር ሸክላ ነው፤ ቦስተን የተገነባበት ጡብ ከዚህም ተጠፍጥፎ ሄዷል። ባቡሩ ከ1835 ጀምሮ በመሃሏ አለፈ። ቱቦ ፋብሪካ፣ መስታወት ፋብሪካ፣ የአሳማ ማረጃ ተከተለ። ሚለርስ ሪቨር የሚባለው ወንዝ በማረጃው ቆሻሻ ከመግማቱ የተነሳ በመጨረሻ በአፈር ሞሉት። ቀበሩት ማለት ይሻላል። ፎርድ ከ1926 እስከ 1958 መኪና ገጣጥሞባታል፤ አሴምብሊ የሚባለው የዛሬው ባለ ሱቅና ባለ ሲኒማ ሰፈር ስሙ ከዚያ የቀረ ነው። ማርሽማሎ ፍላፍ የሚሉትንም ዳቦ ላይ የሚቀባ ነጭ ጣፋጭ በ1917 እዚሁ ቤት ውስጥ እየመታ በየደጁ ሲሸጥ የነበረ አርኪባልድ ኩዌሪ የሚባል ሰው ነው የፈጠረው። በየዓመቱ በዓል ይከበርለታል። ልጄ ትወደዋለች። እኔ የመላጫ ሳሙና ነው የሚመስለኝ።

ይህ ሁሉ ሠራተኛ የት አደረ? ወደ ጉዳዬ መጣሁ።

በፈረስ፣ በኋላም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም በየመንገዱ ተዘረጋ። የትራሙን ሐዲድ ተከትሎ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ቤት በቀለ። ሰዉ ትሪፕል ዴከር ይለዋል። ታች፣ መሃል፣ ላይ፤ ሦስቱም ደርብ አንድ ዓይነት። ፊት ለፊት በረንዳ፣ ጀርባ ላይ ልብስ ማስጫ በረንዳ። መስኮቱ በአራቱም በኩል ብርሃን ያስገባል። ባለቤቱ አንዱ ደርብ ላይ ይኖራል፣ ሁለቱን ያከራያል፣ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል።

ይህ ቤት ዕቁብ ነበር፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ላይ የሚኖረው ተከራይ እየቆጠበ ይቆይና ተራው ሲደርስ ቀጣዩ መንገድ ላይ የራሱን ባለ ሦስት ደርብ ይገዛል። እሱም በተራው ሁለት ቤተሰብ ያስገባል። አይሪሹ ለጣሊያኑ፣ ጣሊያኑ ለፖርቹጋሉ፣ ፖርቹጋሉ ለብራዚሉና ለሄይቲው እንዲህ እየተቀባበሉ መጡ።

ትልልቆቹ ሰዎች ግን ቤቱን አልወደዱትም። እሳት ይነሳበታል፣ ሰፈር ያበላሻል፣ መጤ ያመጣል አሉ። በ1912 እና በ1913 የማሳቹሴትስ ግዛት ከተሞች ከፈለጉ ይህን ቤት እንዲከለክሉ የሚያስችል ሕግ አወጣ፣ ብዙዎቹም በራቸውን ዘጉ። ሶመርቪል ራሷ በኋላ ባወጣችው የግንባታ ደንብ ራሷን ሕገ ወጥ አደረገች ማለት ይቻላል። የከተማው የፕላን ባለሙያዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆጥረው የደረሱበት ነገር አለ፤ ደንቡን ሙሉ በሙሉ የሚያሟሉት መኖሪያ ሕንፃዎች በከተማው በሙሉ 22 ብቻ ናቸው። ከ22ቱ በቀር የቀረው ሕዝብ የሚኖረው ደንቡ ዛሬ ይሠራ በማይለው ቤት ውስጥ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። እኛም አገር ካርታ የሌለው ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብዙ ነው።

እናንተ ይህን አርማችሁታል፣ አመሰግናለሁ። ከ2023 ጀምሮ ባለ ሦስት ደርብ ቤት መሥራት በመላ ከተማዋ ተፈቅዷል። አዲስ ይሠራ ማለት ጥሩ ነው። እኔን የጨነቀኝ የቆመው ነው።

የቆመውን ማን ጠብቆ አቆየው? ትራሙ ጠፋ። ፎርድ ዘጋ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አይ 93 የሚሉት አውራ ጎዳና በምሥራቁ ሰፈር ላይ ተጋድሞ አለፈ፤ ጭሱና ጩኸቱ ለነዋሪው ቀረ። የዊንተር ሂል ወሮበሎች ስም ቦስተንን ያስፈራ ነበር። ጎረቤት ከተሞች ስሟን አጣመው ስለመርቪል ይሏት ነበር፣ የድሃ መንደር ለማለት። ባቡር በሰፈሩ መሃል ቀንና ሌሊት ያልፋል፣ አይቆምም። ዴቪስ ስኩዌር ላይ የምድር ባቡር የቆመው በ1984 ነው። የቀረው ከተማ ጠበቀ። ቦስተን አውራ ጎዳናዋን ከመሬት በታች ልትቀብር ስትነሳ፣ ለሚበከለው አየር ካሣ የግሪን ላይን ባቡር ወደ ሶመርቪል ይቀጥላል ተብሎ በ1990 ቃል ተገባ። ባቡሩ የገባው በ2022 ነው። 32 ዓመት! ቃሉ ሲገባ የተወለደ ልጅ የራሱን ልጅ ይዞ ተሳፈረ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ቤቱን ቀለም የቀባው፣ በረንዳውን የጠገነው፣ በረዶውን የጠረገው ያው ታችኛው ደርብ ላይ የሚኖረው ባለቤትና ሁለቱ ተከራዮቹ ናቸው።

የእኔ አከራይ ከአዞረስ ደሴቶች የመጡ ፖርቹጋላዊት እናት ነበሩ። በ2006 ላይኛውን ደርብ አከራዩኝ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የባሰ ስለነበር ተግባባን። ጓሮ ውስጥ ወይን ነበራቸው፣ በለስም ነበራቸው፤ በለሱን ክረምት ሲመጣ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። እንጀራ በምጋግርበት ቀን የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ መጥረጊያ ይዘው ደረጃውን ይወጡና ራሳቸው በእንጨቱ ጫፍ ያጠፉታል። ከዚያ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ስኳር አራት ማንኪያ። ኪራይ የጨመሩብኝ ከታክስ ጋር እያነጻጸሩ ነው፤ የግብር ወረቀቱን አምጥተው ያሳዩኝ ነበር። መሃለኛው ደርብ ላይ አንድ የሄይቲ አዛውንት ነበሩ። ከእኔ ቀድመው ነው የገቡት። የሦስታችንም በረንዳ በአንድ የኋላ ደረጃ ይገናኝ ስለነበር፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከሦስቱ አንዱ ቤት ምሳ አታጣም።

እናት አረፉ። ልጆቻቸው የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ ሸጡ። አልፈርድባቸውም፣ የመጣላቸውን ዋጋ እኔም ባየው ልቤ ይመታ ነበር። የገዛው አንድ ድርጅት ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አራት ገጽ። የፓርኪንግ ቅጣት አለመሆኑን አየሁና ተረጋጋሁ። ፍሪጁ ላይ በማግኔት ሰቀልኩት። አሥራ አንድ ቀን እዚያው ተሰቅሎ ቆየ። ልጄ ከኮሌጅ ስትመጣ አነበበችውና «አባዬ፣ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ሊሆን ነው» አለችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። በአገሬ ኮንዶሚኒየም ማለት መንግሥት ሠርቶ በዕጣ የሚያድለው ቤት ነው። ሰው ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ ዓመታት ጠብቆ ዕጣ ሲወጣለት ሰፈሩ እልል ይልለታል። «ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳት። ልጄ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየች።

እዚህ ኮንዶሚኒየም ማለት ሦስቱ ደርብ ለየብቻ ተከፍሎ ይሸጣል፣ ተከራዩ ይወጣል ማለት ነው። ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። ለአዛውንት፣ ለአካል ጉዳተኛና ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይሰጣል። ይህንን እኔ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የመሃለኛው ደርብ አዛውንት ያወቁት ግን ከወጡ በኋላ ነው። የድርጅቱ ሰው መጣ፣ ትንሽ ገንዘብ አሳያቸው፣ ፈርመው ሄዱ። መብታቸው ወረቀቱ ላይ ነበር፣ አልተደበቀም። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በእንግሊዝኛ። አሁን ከዚህ አንድ ሰዓት ርቆ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው እዚህ ነው።

ከተማው የራሱን ማስታወቂያ በስፓኒሽ፣ በፖርቹጋል ቋንቋ፣ በሄይቲ ክሪዮልና በኔፓሊ እየተረጎመ ያወጣል። የቆሻሻ መኪና የሚመጣበት ቀን በክሪዮል ይነገራቸዋል። ቤታቸውን የሚያሳጣቸው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ መጣላቸው። የምለምናችሁ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። አንድ ባለቤት ቤቱን ለመቀየር ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ ተከራዩ ወረቀቱን በሚገባው ቋንቋ ማግኘቱ ይረጋገጥ። ከመፈረሙ በፊት ከከተማው አንድ ሰው ደውሎ «ሕጉ ይህን ያህል ጊዜ ይሰጥሃል» ይበለው። አንድ ስልክ ነው። አማርኛና ትግርኛ የሚናገር ሰው ከጠፋ እኔ በነጻ እተረጉማለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜም ቢሆን።

ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል። ያለውን ቤት ከገበያ ገዝቶ ኪራዩን በልክ የማቆየት ሥራ በከተማዋ ተጀምሯል። አነስተኛ ነው፣ ገዢው ድርጅት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው። ባቡር ጣቢያዎቹ ዙሪያ ለሚነሳው መስታወት ሕንፃ ስትፈቅዱ ከምትቀበሉት ክፍያ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ከፍ አድርጉት። አዲስ ሕንፃ አትሥሩ አላልኩም፤ ይሠራ፣ ቤት ጠፍቶ ነው ኪራይ የናረው። ግን አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ያለው ርካሹ ክፍል ለባልና ሚስት ነው የሚበቃው። ሦስት መኝታ ቤት፣ ከነበረንዳው፣ ያለው አሮጌው ቤት ውስጥ ነው።

«ከተማ ይለወጣል፣ ምን ታደርገዋለህ» የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በ2024 ሲፈርስ እዚሁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በስልክ አየሁት። የተማርኩበትን መንገድ ለመለየት ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አቁሜዋለሁ። እዚህ ግን የሚፈርስ ነገር የለም። ቤቱ እንደቆመ ይቀራል፣ ቀለሙ ግራጫ ይሆናል፣ በለሱ ይቆረጥና መኪና ማቆሚያ ይነጠፍበታል። ከውጭ ያየ ሰው ምንም አልጠፋም ይላል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሦስተኛ ልመናም ነበረኝ፣ ትንሽ ናት። ከባሩዱ ቤት አጠገብ መግለጫ አለ፣ ከግንቡም አጠገብ አለ። አንድ ተራ ባለ ሦስት ደርብ ቤት ደጃፍ ላይም ሰሌዳ ይተከል። ማን እንደኖረበት በቅደም ተከተል ይጻፍበት፤ ታች፣ መሃል፣ ላይ።

ከቤቱ የምለቅበት ቀነ ገደብ ነሐሴ 31 ያበቃል። መስከረም 1 ቦስተንና አካባቢዋ ሁሉ ቤት የሚቀየርበት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፍራሽና ሶፋ አስፋልት ዳር ይደረደራል፣ የጭነት መኪና መንገድ ይዘጋል። ወታደሮቹ ባሩዱን የጫኑበትም ቀን ነው። እኔም ዕቃዬን ያን ቀን እጭናለሁ፤ እንቁጣጣሽን የት እንደምውል ገና አልታወቀም።

እስከዚያ አለሁ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ 10 ሰዓት በእናንተ 4፣ ላይኛው ደርብ የኋላ በረንዳ ላይ ቡና ይፈላል። ከመካከላችሁ ጊዜ ያለው ይምጣ። ደወሉ አይሠራም፤ በጓሮው ገብታችሁ ደረጃውን ውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዊንተር ሂል ተከራይ